ዴቪድ ቪያ፦ የስፔን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ስሙ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

ሰባት ቁጥር (የዚህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተ)

ስለ ስፔን ወርቃማ ዘመን ወሬ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠሩት ዣቪና ኢኒየስታ ናቸው። ከዚያ ቡስኬትስ፣ ዣቢ አሎንሶ፣ ካሲያስና ፑዮል ይከተላሉ። ዴቪድ ቪያ የሚታወሰው ተናጋሪው ትንፋሽ ከተረፈው ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ በ98 ጨዋታ 59 ግብ አግብቶ እስከ ዛሬ የአገሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ስለሆነ ሰው ነው የማወራው። ነገሩ ሲያንገበግበኝ ስለኖረ ዛሬ በሰፊው ልጻፈው።

የ2010ን የዓለም ዋንጫ እናንሣ። ስፔን በ7 ጨዋታ ያገባችው 8 ግብ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ያህል ጥቂት ግብ የዓለም ዋንጫ ያነሣ ቡድን አልነበረም። ከ8ቱ 5ቱን ያገባው ቪያ ነው። ቺሊ ላይ ኢኒየስታ ላገባት ግብ ደግሞ ኳሷን ያቀበለው እሱ ነው። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ግማሽ ፍጻሜ እስኪደርሱ ድረስ ከተቆጠሩት 6 ግቦች የእሱ እግር የሌለበት አንድም የለም። ፑዮል ጀርመን ላይ በጭንቅላቱ ገጭቶ እስኪያስገባ ድረስ ያንን ቡድን ተሸክሞ የመጣው አንድ አጥቂ ነበር። ኳስ መያዝ ያውቁበት እንደነበር የሚክድ የለም። ግን በመጀመሪያው ጨዋታ ስዊዘርላንድ ላይ ኳሱን ይዘው ውለው ምን አተረፉ? 1 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ።

የፓራጓይን ሩብ ፍጻሜ ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3:30 ላይ ነበር የጀመረው። በሁለተኛው አጋማሽ ካሲያስ የካርዶዞን ፍጹም ቅጣት ምት ያዘ። ወዲያው በሌላኛው በኩል ቪያ ተጠልፎ ስፔን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ዣቢ አሎንሶ አገባ፤ ዳኛው ተጫዋቾች ቀድመው ገብተዋል ብሎ አስደገመው፤ ሁለተኛውን ግብ ጠባቂው ቪያር መለሰው። በ83ኛው ደቂቃ ኢኒየስታ መሐሉን ሰንጥቆ ገብቶ ለፔድሮ አቀበለ፤ ፔድሮ መታ፤ ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች። ቪያ ጋ ደረሰች። የእሱም ምት አንዱን ቋሚ ገጨ፣ በግቡ አፍ አቋርጦ ሌላኛውን ቋሚ ገጨና ገባ። አሁንም ሳየው ልቤ ይመታል።

ዕድል ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ፔድሮ ሲመታ ካሜራው ላይ ቪያን ብቻ ተመልከቱት። ሌሎቹ ቆመው ኳሷን ሲከተሉ እሱ ቋሚው ወደሚመልስበት ቦታ መራመድ ጀምሯል። ፖርቹጋል ላይም እንዲሁ ነው፦ ዣቪ በተረከዙ አቀበለው፣ የመጀመሪያውን ምት ግብ ጠባቂው ኤድዋርዶ መለሰበት፣ የተመለሰችውን ራሱ ደግሞ አገባት። የመጀመሪያው ምት ሲመለስበት የማይደነግጥ አጥቂ ስንት አይታችኋል?

---

ቀይ ለባሹ

ወንድሜ ሰባት ቁጥር፣ ያስቀመጥካቸው ቁጥሮች እውነት ናቸው። ቪያንም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የዚያ ዘመን አጥቂ ከተባለ ለእኔ ፈርናንዶ ቶሬስ ነው። በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ቪየና ላይ በ33ኛው ደቂቃ የጀርመኑን ተከላካይ ፊሊፕ ላምን በፍጥነት ቀድሞ ኳሷን በግብ ጠባቂው ሌማን ላይ ያሳለፈው ማን ነው? ስፔን ከ1964 በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ በዚያች ግብ ነው የመጣው። በ2012ም የአውሮፓ ዋንጫ ኮከብ ግብ አግቢ ቶሬስ ነበር። ታላቅ አጥቂ በፍጻሜ ጨዋታ ይለካል። ቪያ በዓለምም ሆነ በአውሮፓ ዋንጫ ለስፔን የተሰለፈበት ፍጻሜ የ2010ሩ የጆሃንስበርጉ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ግቡ አፍ ላይ ያገኛትን ኳስ የኔዘርላንዱ ተከላካይ ሃይቲንጋ በእግሩ አድኖበታል። በጭማሪው ሰዓት ተቀይሮ ሲወጣ የገባው ቶሬስ ነው፤ የዋንጫዋ ግብ ስትቆጠር ቪያ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር።

---

አሰልጣኙ ከሐዋሳ

ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ስለማሠለጥን ነገሩን ከሜዳው በኩል ልየው።

ቀይ ለባሹ ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ። በ2010 ከሁለተኛው ጨዋታ እስከ ሩብ ፍጻሜው ድረስ ቶሬስ በመሐል ሲሰለፍ ቪያ ወደ ግራ ተገፍቶ ነበር። ቶሬስ ከጉልበት ቀዶ ሕክምና የተመለሰ ስለነበር በሙሉ አቅሙ አልነበረም፤ በዚያ ውድድር አንድም ግብ አላገባም። ይህ ወቀሳ አይደለም። የቪያ ግቦች አብዛኞቹ የመጡት ከክንፍ እየተነሣ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ሆንዱራስ ላይ ያገባትን የመጀመሪያ ግብ ተመልከቱ፦ ግራው መስመር ላይ ኳሷን ተቀብሎ በሁለት ተከላካዮች መካከል አልፎ ገባ፣ ሦስተኛውን ወደ ቀኝ አታለለ፣ ሚዛኑን እያጣ እየወደቀ በላይኛው ማዕዘን አስቀመጣት። ይህን የሚያደርግ የመሐል አጥቂ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ልጆቼን የማሳያቸው ግን የ2011 የዌምብሌዩን ግብ ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ባርሴሎና ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ 69ኛው ደቂቃ። ሜሲ በቀኝ በኩል ገብቶ ሲረብሽ ኳሷ ቡስኬትስ ጋ ደረሰች፤ ቡስኬትስ ለቪያ ለስለስ አድርጎ ሰጠው። ብዙ ሰው የሚያየው ኳሷ ተጠማዛ ከቫን ደር ሳር እጅ በላይ ስትገባ ነው። እኔ ልጆቹን የማስቆማቸው ከዚያ በፊት ነው። ቪያ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ሰውነቱን ከፍቷል፤ ደረቱ ወደ ግቡ ዞሯል። በመጀመሪያው ንክኪ ኳሷን ከእግሩ ሥር በአንድ እርምጃ አራቃት እንጂ አላቆማትም። ሁለተኛው ንክኪ ምቱ ነው። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ግቡን አላየም፤ የት እንዳለ ያውቃል። ተከላካዩ ሊደርስበት ሲነሣ ኳሷ ሄዳለች። ጉልበት የለውም፣ ቁመቱም 1.75 ሜትር ገደማ ነው፤ ያለው ነገር ከሌላው ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ይህ በልምምድ የሚመጣ ነው፤ ለዚህም ነው ከቶሬስ ይልቅ ለልጆች ቪያን የማስተምረው። የቶሬስ ፍጥነት የተፈጥሮ ነው፤ ለልጅ ማስተማር አልችልም።

---

ሰባት ቁጥር

አሰልጣኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍጻሜውን ክርክር በዌምብሌይ ዘጋህልኝ።

ቀይ ለባሹ፣ በ2008ቱ ፍጻሜ ቪያ ያልተሰለፈው ለምን እንደሆነ አብረን እናስታውስ። ኢንስብሩክ ላይ ሩሲያን 4 ለ 1 ሲያሸንፉ ሐትሪክ ሠራ። እዚያው ኢንስብሩክ ስዊድን ላይ በባከነ ሰዓት ጭማሪ ከካፕዴቪላ የተላከለትን ረጅም ኳስ ተቀብሎ 2 ለ 1 አሸናፊ አደረጋቸው። ከኢጣሊያ ጋር በመለያ ምት ሲለያዩ የመጀመሪያውን ምት መትቶ ያስገባው እሱ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ቅጣት ምት ሲመታ ጡንቻው ተጎዳና በ34ኛው ደቂቃ በፋብሬጋስ ተተካ። የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ በ4 ግብ እሱ ሆኖ ፍጻሜውን ተቀምጦ ተመለከተ።

ስሙ ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ስፔን አምስት አማካይ አሰልፋ በአንድ አጥቂ መጫወት የጀመረችው ቪያ እያነከሰ ከወጣበት ከዚያ ምሽት ነው። አሸነፉ። በ2012ም እንዲሁ። በታኅሣሥ 2011 ዮኮሃማ ላይ በክለቦች የዓለም ዋንጫ ባርሴሎና ከአል ሳድ ሲጫወት የግራ ቅልጥሙ ተሰበረና የአውሮፓ ዋንጫው አመለጠው። የስፔን አሰልጣኝ ዴል ቦስኬ ፋብሬጋስን ከፊት አድርጎ ያለ ግልጽ አጥቂ ተጫወተ፤ ኢጣሊያን በፍጻሜ 4 ለ 0 አሸነፉ። ዓለም ያየው ይህን ነው። «አጥቂ የማያስፈልገው ቡድን» የሚለው ወሬ የተወለደው እሱ በሌለባቸው ምሽቶች ነው። እሱ ባለበት ምሽት ግን አማካዮቹ ሰዓቱን ሙሉ ኳስ ሲያዘዋውሩ ቆይተው በመጨረሻ የሚሰጡት ለእሱ ነበር።

---

የራውል ወዳጅ

ከሁላችሁም ጋር ስስማማ ቆይቼ እዚህ ላይ እለያለሁ። ራውል ጎንዛሌዝ በ102 ጨዋታ 44 ግብ ያገባው ስፔን ሩብ ፍጻሜ ላይ በምትወድቅበት ዘመን ነው። ከኋላው ዣቪና ኢኒየስታ በሙሉ ብስለታቸው አልነበሩም። ቪያ ክብረ ወሰኑን የሰበረው በመጋቢት 2011 ግራናዳ ላይ ቼክ ሪፐብሊክ ላይ ሁለት ሲያገባ ነው፤ በደስታ ተቀብያለሁ። ግን ከ59ኙ ውስጥ በ2013 ታሂቲን 10 ለ 0 ሲያሸንፉ ያገባቸው ሦስትም አሉበት። ቁጥር ሁሉ እኩል አይመዝንም።

---

ሰባት ቁጥር

ይመዘን ካልህ የዓለም ዋንጫን ለብቻው እንመዝን። በ2006 ሦስት፦ ዩክሬን ላይ ሁለት፣ ፈረንሳይ ላይ አንድ። በ2010 አምስት። በ2014 አንድ። ድምሩ 9 ነው፤ ይህም የስፔን ክብረ ወሰን ነው። ታሂቲ እዚህ ውስጥ የለችም። በ2010 ከሙለር፣ ከስናይደርና ከፎርላን ጋር እኩል 5 አግብቶ የወርቅ ጫማው ለሙለር የሄደው ባቀበላቸው ኳሶች ብዛት ነው። ራውልን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ የራውል ክብር በሪያል ማድሪድ ብቻ ይበቃዋል።

---

የድሮ ደጋፊ

ልጆች፣ ክርክራችሁ ሁሉ ስለ ብሔራዊ ቡድን ሆነ። ሰውዬው የተሠራው በክለቦች ነው፤ ያውም ቀን በጎደለባቸው ክለቦች።

በ1981 በአስቱሪያስ ላንግሬዮ አካባቢ ቱይያ በምትባል የማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። በ4 ዓመቱ የቀኝ ጭኑ አጥንት ተሰበረ። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሳለ አባቱ ኳስ እየወረወሩ በግራው እንዲመታ ያለማምዱት ነበር። በኋላ ሁለቱም እግሩ እኩል ሲመታ ያየን ሰዎች ምክንያቱን የሰማነው ዘግይተን ነው። አሰልጣኙ ከሐዋሳ፣ ይህችንም ለልጆችህ ንገራቸው።

በስፖርቲንግ ሂኾን በሁለተኛው ዲቪዚዮን ተጫወተ። ክለቡ ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር በ2003 ለዛራጎዛ ሸጠው። በመጀመሪያው ዓመት ዛራጎዛ በንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ባርሴሎና ሞንትዡይክ ላይ ቤካም፣ ዚዳንና ራውል የተሰለፉበትን ሪያል ማድሪድ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈ። ከሦስቱ አንዷ የቪያ ፍጹም ቅጣት ምት ናት። ገና 22 ዓመቱ ነበር።

በ2005 በ12 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ቫሌንሲያ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት 25 ግብ በሊጉ አገባ፤ የባርሴሎናው ኤቶ በአንዲት ግብ ብቻ በለጠው። እኔ ቪያን ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው። ሳን ማሜስ ላይ በአትሌቲክ ቢልባኦ ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሐትሪክ ሲሠራ ተጋጣሚዎቹ ገና ከመጀመሪያው ግብ ድንጋጤ አልነቁም ነበር። በ2008 ቫሌንሲያ የንጉሡን ዋንጫ ሲያነሣ በሊጉ ደግሞ ላለመውረድ ይታገል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ በዕዳ ተወጥሮ የአዲሱ ስታዲየም ግንባታ ቆመ፤ ቪያ በዚያው ዓመት በሊጉ 28 ግብ አገባ። ትልልቅ ክለቦች በየበጋው ሲጠይቁት ቆይተው በ2010 ባርሴሎና በ40 ሚሊዮን ዩሮ ወሰደው። ሲልቫ በዚያው ክረምት፣ ማታ በሚቀጥለው ቫሌንሲያን ለቅቀው ሄዱ። ቫሌንሲያ ዕዳውን የከፈለው በልጆቹ ዋጋ ነው።

---

ቀይ ለባሹ

የድሮ ደጋፊ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። የአባቱን ነገር አላውቅም ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ፦ ባርሴሎና ከገባ በኋላ ለምን ደበዘዘ? ቫሌንሲያ እያለ ንጉሥ ነበር። እዚያ ግን ለሜሲ ቦታ ከፋች ሆነ።

---

አሰልጣኙ ከሐዋሳ

ደበዘዘ የሚለውን አልቀበልም፤ ሥራው ተለወጠ። ጋርዲዮላ ሜሲን መሐል ላይ ወደ ኋላ እየሳበ ሲያጫውት የቪያና የፔድሮ ሥራ ከመስመር ተነሥቶ በተከላካዮች ጀርባ መሮጥ ሆነ። ኳስ ሳይነኩ ደጋግሞ መሮጥ ነው። ከዐሥር ሩጫ አንዱ ላይ ኳስ ይመጣል፤ ለዚያ አንዱ ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። በኅዳር 2010 ሪያል ማድሪድን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ቪያ ሁለት ያገባው እንደዚህ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ከጨዋታ ውጪ መስመሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ በትክክለኛዋ ሰከንድ ነው የወጣው። በዚያ ዓመት በሊጉ 18 ግብ አግብቷል፤ መሐል ላይ ሳይጫወት።

ከስብራቱ በኋላ ፍጥነቱ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በመጋቢት 2013 ሚላንን በካምፕ ኑ 4 ለ 0 ሲያሸንፉ መሐል ላይ ያሰለፉት ቪያን ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፈው ነበር። ተከላካዮቹን ወደ ኋላ ስለሳበ ሜሲ ሰፊ ቦታ አገኘ፤ ሜሲ ሁለት፣ ቪያ አንድ። በክረምቱ በርካሽ ዋጋ ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሸጡት፤ በዓመቱ አትሌቲኮ ካምፕ ኑ ላይ አቻ ወጥቶ የሊጉን ዋንጫ ከባርሴሎና እጅ ወሰደ። ቪያ 13 የሊግ ግብ ነበረው።

---

የብሮንክስ እህት

ሁላችሁም በቴሌቪዥን ያያችሁትን ነው የጻፋችሁት። እኔ ኒው ዮርክ ስለምኖር በሜዳ ያየሁትን ልጨምር።

ኒው ዮርክ ሲቲ ሲመሠረት መጀመሪያ የፈረመው ተጫዋች ቪያ ነው። የሚጫወቱት በያንኪ ስታዲየም ነበር፤ የቤዝቦል ሜዳ ስለሆነ እግር ኳስ ሜዳው ጠባብ ነው። ብዙ ሰው ለጡረታ መጣ ብሎ ነበር። ከባለቤቴ ጋር በመስመሩ አጠገብ ተቀምጠን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ኳሱ በሌላኛው ጫፍ እያለ ቪያ ከሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ጋር ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ትከሻውን ወደ አንዱ ያስጠጋል። ተከላካዩ ዞር ብሎ ሲፈልገው በሌላኛው በኩል ወጥቷል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ሲያደክማቸው ይውላል። የተሳሳተ ኳስ ያቀበለውን ወጣት ደግሞ አይጮህበትም፤ እጁን አንሥቶ «እዚህ» ብሎ ያሳየዋል። ካፒቴን ነበር። በ2016 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2017 ፊላደልፊያ ላይ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ግብ ጠባቂው ወጥቶ መቆሙን አይቶ ያገባትን ፈልጋችሁ እዩ። እስከ 2018 በ124 ጨዋታ 80 ግብ አግብቶ ሄደ። ለጡረታ የመጣ ሰው ይህን አያደርግም።

---

የራውል ወዳጅ

የብሮንክስ እህት፣ እናመሰግናለን። መጨረሻውን እኔ ልሙላ፤ ባልስማማም ፍትሐዊ ልሁን። በ2019 ጃፓን ሄዶ በቪሴል ኮቤ እንደገና ከኢኒየስታ ጋር ተገናኘ። ጥር 1 ቀን 2020 በቶኪዮው አዲስ ብሔራዊ ስታዲየም ካሺማ አንትለርስን 2 ለ 0 አሸንፈው የንጉሠ ነገሥቱን ዋንጫ አነሡ። የመጨረሻው ጨዋታው ይህ ነው። ዋንጫ ይዞ ጫማውን መስቀል ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው፤ ራውልም ኒው ዮርክ ላይ ከኮስሞስ ጋር እንዲሁ ነው የጨረሰው።

---

ገና ተማሪ

እኔ 16 ዓመቴ ነው። ስፔንን የማውቀው በላሚን ያማልና በፔድሪ ነው። ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ቪያን ለማየት ከየትኛው ጨዋታ ልጀምር? ሙሉ ጨዋታ ነው ማየት የምፈልገው፤ የግብ ቅንጭብ አይደለም።

---

ሰባት ቁጥር

ወንድሜ፣ ቅንጭብ አልፈልግም ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል። ሩሲያን 4 ለ 1 ባሸነፉበት የ2008 ጨዋታ ጀምር፤ ከቶሬስ ጋር በሁለት አጥቂ ሲጫወት የምታየው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያዋን ግብ ቶሬስ እንዴት ሰጥቶ እንዳስገባውም ተመልከት፤ ቀይ ለባሹም ይደሰታል። ቀጥሎ የፓራጓይን። ሦስተኛ የ5 ለ 0ውን ጨዋታ አሰልጣኙ እንዳለው ሩጫውን እየተከተልክ እይ።

በመጨረሻ የ2014ን የአውስትራሊያ ጨዋታ። ስፔን አስቀድማ ከውድድሩ ወጥታለች፤ ኩሪቲባ ላይ የሚደረገው ጨዋታ ለማለፍ የሚጠቅም አይደለም። በ36ኛው ደቂቃ ከሁዋንፍራን የመጣለትን ኳስ በተረከዙ ያስገባል። ምንም የማያሸንፍበት ጨዋታ ላይ ልክ እንደ ፍጻሜ ነው የሚሮጠው። በሁለተኛው አጋማሽ ሲቀይሩት መቀየር አልፈለገም ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሆኖ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በ2017 አዲሱ የስፔን አሰልጣኝ ሎፔቴጊ አንድ ጊዜ ጠርቶት ኢጣሊያ ላይ በቤርናቤው መጨረሻ ደቂቃዎች ገብቷል፤ 98ኛው ጨዋታ ያ ነው።

ካየህ በኋላ ተመልሰህ ጻፍልን። በተለይ ፓራጓይ ላይ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ኳስ ሳይኖረው የሚያደርገውን ምን ያህል እንዳየህ ንገረን።